አረንጓዴ ውሃ ቆሻሻ አይደለም፦ ለክልላችን የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ልማት ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክልላችን የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ልማት ቢሮ ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ ለዞንና ለወረዳ የዓሣ ሀብት ባለሙያዎች፣ ለዓሣ አርቢ ማኅበራት

ጉዳዩ፦ የአልጌ ማባዣ ክፍሉን መዘጋትና ስለ አረንጓዴ ኩሬዎች የወረደውን መመሪያ ይመለከታል

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በክልሉ የዓሣ ጫጩት ማባዣ ማዕከል በሕያው መኖ ክፍል የምንሠራ ቴክኒሻኖችና ከማዕከሉ ጫጩት እየወሰድን በኩሬ የምናረባ ገበሬዎች ነን። ለመጻፍ ያስገደዱን ቢሮው በዚህ በጀት ዓመት ያሳለፋቸው ሁለት ውሳኔዎች ናቸው። አንደኛው የማዕከሉ የአልጌ ማባዣ ክፍል ተዘግቶ በምትኩ ስፒሩሊና ከሚባል ደቂቅ አልጌ የተሠራ ደረቅ ዱቄት እንዲገዛ የተወሰነው ነው። ሁለተኛው ለወረዳ ባለሙያዎች የወረደው የክትትል ቅጽ ነው። ቅጹ ውሃው አረንጓዴ የሆነን ኩሬ «ንጽሕናው ያልተጠበቀ» ብሎ ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ውሃውም በአንድ ሳምንት ውስጥ ፈስሶ እንዲለወጥ ያዛል። ሁለቱም ሲወሰኑ ሥራውን በየቀኑ የሚሠራው ሰው አልተጠየቀም። ጉዳቱ ግን በጫጩቱ ላይ፣ በመኖ ወጪው ላይና ገበሬው በዓሣ እርባታ ላይ ባለው እምነት ላይ እየታየ ነው።

ብዙ ሰው የሚነካው ቅጹ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

ኩሬ አረንጓዴ የሚሆነው በዓይን የማይለዩ ደቂቅ አልጌዎች በውሃው ውስጥ ሲባዙ ነው። በእኛ ኩሬዎች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አብዛኞቹ ክሎሬላ፣ ሴኔዴስመስና መሰሎቻቸው ናቸው። ከፀሐይ ብርሃን ጉልበት፣ ከማዳበሪያው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ወስደው ፕሮቲን ይሠራሉ። ቆሮሶ ደግሞ ይህን ፕሮቲን ያለ ፋብሪካና ያለ መጓጓዣ ከውሃው አጣርቶ ይበላል። ኩሬው በአግባቡ አረንጓዴ ከሆነ ገበሬው የሚጨምረው ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ማሟያ ብቻ ይሆናል። ጠርቶ ከተገኘ ግን ያው ፉርሽካና ፋጉሎ ብቸኛው ምግብ ይሆናል፤ ወጪውን የሚችለው ሰው ጥቂት ነው። በዚያ ላይ አልጌው ቀን ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ዓሣው የሚያስወጣውን አሞኒያ ይወስዳል፣ ብርሃን ወደ ታች እንዳይደርስ ከልሎም በኩሬው ወለል ላይ አረም እንዳይበቅል ያደርጋል።

በአንድ ቀበሌ መመሪያውን አክብረው ኩሬያቸውን ያፈሰሱ አርቢዎች የገጠማቸው ከዚህ የሚጠበቀው ነው። ኩሬውን ከወንዝ በተጠለፈ ውሃ ሞሉት። ውሃው ቀዝቃዛና ገላጣ ስለነበር ጫጩቱ የሚበላው አጣ፤ ከታች አረም ተነሣ፤ ወፎችም ዓሣውን ከላይ እያዩ ለቀሙት። መግቢያ ቱቦው ላይ ወንፊት ስላልነበረ የዱር አምባዛ ገብቶ ትናንሾቹን ቆሮሶዎች በላ። ከውሃው ጋር የፈሰሰው በገንዘብ የተገዛ ማዳበሪያም ነበር። እንዲህ ያለ ኩሬ እንደገና አረንጓዴ ለመሆን እንደ ሙቀቱ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ቅጹ በየጊዜው እየተሞላ ውሃው በየጊዜው ከተለወጠ ኩሬው መቼም አይደርስም።

አረንጓዴ ሁሉ ደግ ነው እያልን አይደለም። ባለሙያ የሚያስፈልገው ደጉን ከክፉው ለመለየት ነው፤ ቅጹም ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው መለኪያ የሴኪ ሰሃን ነው። ዲያሜትሩ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በነጭና በጥቁር ሩብ ሩብ የተቀባ ሰሃን በተሠመረበት ዘንግ ወይም ገመድ ይታሠራል፤ ረፋድ ላይ ወደ ውሃው ይወርድና ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይነበባል። ከ25 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ኩሬው ደህና ነው። ከ60 በላይ ከሆነ ማዳበሪያ አንሶታል። ከ20 በታች ከሆነ አልጌው በዝቷል፤ ሌሊት ራሱ ኦክስጅን ስለሚተነፍስ ንጋት ላይ ዓሣው አፉን ወደ ላይ አውጥቶ ሲያለከልክ ይገኛል። በተለይ ሰማዩ ለሁለትና ለሦስት ቀን ከደመነ አደጋው የቅርብ ነው። ያን ጊዜ የሚደረገው ማዳበሪያና መኖ ማቆም፣ ከውሃው ከፊሉን ብቻ በአዲስ መተካትና ውሃውን እያናወጡ ማናፈስ ነው። ሙሉ በሙሉ ማፍሰስ አይደለም። ሰሃኑ የሚለካው የአልጌ ጥላ መሆኑን ማረጋገጥም ያስፈልጋል፤ በክረምት ጎርፍ የደፈረሰ ቡናማ ውሃም ሰሃኑን ይሰውራል፣ ዓሣውን ግን አይመግብም።

ሁለተኛው መለያ ጥርት ያለ የመስታወት ብርጭቆ ወይም ጠርሙስ ነው። የኩሬው ውሃ ተቀድቶ ሳይነካ ለጥቂት ሰዓት ይቀመጣል። አረንጓዴነቱ በውሃው ሁሉ ተበትኖ ከቆየ ወይም ቀስ ብሎ ወደ ታች ከወረደ የሚያሳስብ ምልክት አይደለም። ወደ ላይ ተንሳፍፎ እንደ ቀለም ከተኮለኮለ ግን ማይክሮሲስቲስ ሊሆን ስለሚችል ለላብራቶሪ ይላክ። ማይክሮሲስቲስ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ በቆቃ ሐይቅ የሚታወቀው ችግር እሱ ነው። እንዲህ ባለ ኩሬ ላይ ዓሣ ማውጣትም ከብት ማጠጣትም መታገድ አለበት፤ በዚህ ቢሮው ጥብቅ ቢሆን እንደግፋለን። አሁን ያለው ቅጽ ግን ጤናማውን ክሎሬላና አደገኛውን ማይክሮሲስቲስ በአንድ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ ሁለቱንም በእኩል ይቀጣል። አደገኛው ኩሬ ፈስሶ ውሃው ወደ ጎረቤት ማሳና ወንዝ ከወረደ ደግሞ ጉዳቱን ማስፋት ነው።

ወደ አልጌ ክፍሉ መዘጋት እንለፍ። ውሳኔው የተላለፈበት ደብዳቤ «ክፍሉ ዓሣ አያመርትም፣ መብራትና የሰው ኃይል ይወስዳል» ይላል። ክፍሉ ዓሣ እንደማያመርት እውነት ነው፤ ያለ እሱ ግን የአምባዛ ጫጩት አይወጣም።

የአምባዛ እንቁላል በ27 እና በ28 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ባለ ውሃ ከአንድ ቀን ትንሽ አልፎ ይፈለፈላል። ከእንቁላሉ የወጣው እጭ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ያህል የሚኖረው በሆዱ በያዘው አስኳል ነው። አስኳሉ ሲያልቅ አፉ ይከፈታል፤ ጨጓራው ግን ገና ሥራ አልጀመረም። ስለዚህ በዚያ ሳምንት የደረቀ መኖ ቢበላም በደንብ አይፈጨውም። የሚያስፈልገው የሚንቀሳቀስ፣ ለአፉ የሚመጥን፣ በራሱ ውስጥ ለመፈጨት የሚያግዙ ነገሮችን የያዘ ሕያው ምግብ ነው። ያም ወይ አርቴሚያ ነው፣ ወይ ሮቲፈር፣ ወይ ሞይና፤ ሦስቱም በውሃ ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ እንስሳት ናቸው። አርቴሚያ በቆርቆሮ ታሽጎ ከውጭ የሚመጣ፣ በጨው ውሃ ለአንድ ቀን ተቀምጦ የሚፈለፈል፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነገር ነው፤ በተፈለገበት ሳምንት የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ሮቲፈር ግን እዚሁ ይባዛል። ሮቲፈር የሚበላው ደግሞ ክሎሬላ ነው። ክሎሬላ ከ2 እስከ 10 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው ሕዋስ ሲሆን ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነ እጩ በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም። ሮቲፈሩ በልቶ ሥጋው ሲያደርገው ነው ለእጩ የሚደርሰው። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ሲቆረጥ የተራቡት እጮች እርስ በርሳቸው ይበላላሉ፤ አምባዛ በዚህ የታወቀ ነው። በመጠን የበለጡት ታናናሾቹን ውጠው በየገንዳው የሚቀሩት ጥቂት ትልልቆች ብቻ ይሆናሉ።

የተገዛው ዱቄት ይህን ክፍተት አይሞላም። የደረቀ ስፒሩሊና ውሃ ውስጥ ሲበተን ከፊሉ ይሟሟል፣ ከፊሉ ወደ ገንዳው ወለል ይወርዳል። ሮቲፈር የሚያጣራው ተንሳፍፎ የሚቆየውን ስለሆነ የሰጠመውን አያገኘውም። የሰጠመው ይበሰብሳል፣ ባክቴሪያ ይበዛል፣ ኦክስጅን ይወርዳል፣ አሞኒያ ይወጣል፤ ውሃው መሽተት ሲጀምር የሮቲፈሩ ቁጥር ወድቋል ማለት ነው። በሕያው ክሎሬላ የሚቀለብ ገንዳ ግን አልጌው ሳይበላ ቢቆይ እንኳ ብርሃን እስካገኘ ድረስ አሞኒያውን እየወሰደ ውሃውን ይጠብቃል። ዱቄቱ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። ከደረቅ ክብደቱ ከግማሽ በላይ ፕሮቲን ስለሆነ በታዳጊ ቆሮሶ መኖ ውስጥ በጥቂቱ ቢደባለቅ ጥሩ ነው። የተገዛውን ለዚያ እናውለው። ለእጭ ማሳደጊያ ግን ቦታው አይደለም።

ሌላም ቢሮው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ የአልጌ ክፍል በተፈለገ ጊዜ ተከፍቶ ባልተፈለገ ጊዜ የሚዘጋ አይደለም። ሥራው የሚጀምረው በትንሽ የመስታወት ቱቦ ከተያዘ ንጹሕ ዘር ነው። ከቱቦው ወደ 250 ሚሊ ሊትር ፍላስክ፣ ከዚያ ወደ 2 ሊትር፣ ወደ 20 ሊትር ጠርሙስ፣ ወደ 200 ሊትር የላስቲክ ከረጢት፣ በመጨረሻ ወደ ውጭው 1,000 ሊትር ገንዳ ይሻገራል። በየደረጃው የሚጨመረው ዘር ከአዲሱ መጠን ከ10 እስከ 20 በመቶ ካልሆነ ሌላ ተሕዋስያን ይቀድመዋል። እያንዳንዱ ደረጃ ከ4 እስከ 7 ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ከቱቦ ተነሥቶ ገንዳ እስኪደርስ ሁሉም ነገር ቢቃና እንኳ አንድ ወር ገደማ ነው። የአምባዛ እናት ሆርሞን በተወጋች ማግስት አልጌ ይምጣ ቢባል ከየት ይመጣል? ቱቦዎቹ ራሳቸው በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ወደ አዲስ ምግብ ካልተዛወሩ ዘሩ ይሞታል። ክፍሉ ሲቆለፍ የቁልፉ ርክክብ በቃለ ጉባኤ ተመዝግቧል፤ ዘሩን ማን ይጠብቅ የሚለው ግን አልተጻፈም።

ወጪው ብዙ ነው የተባለው ደግሞ ቢፈተሽ መልካም ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ያለው ትንሽ ክፍል የተመረጠ ኬሚካል ይፈልጋል፤ የውጪው ገንዳ ግን የእርሻ ማዳበሪያ ይበቃዋል። ከምንጠቀምባቸው ቀመሮች አንዱ ለ1,000 ሊትር ውሃ 100 ግራም አሞኒየም ሰልፌት፣ 15 ግራም ሱፐር ፎስፌትና 5 ግራም ዩሪያ ነው። ውሃው አስቀድሞ በየሊትሩ 1 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ገብቶበት ያድራል፤ ከዚያ አየር እየተነፋበት ሌላ ቀን ይቆያል፤ የክሎሪን ሽታና ርዝራዥ መጥፋቱ ሳይረጋገጥ ዘር አይገባም። በዚህ ዘዴ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ከጥድፊያ የተነሣ ነው፤ ክሎሪን ሳያልቅ የገባ ዘር በአንድ ቀን ይነጣል።

ክፍሉ ከመዘጋቱ በፊትም የተሠራ ስሕተት አለ። ቦታ ለመቆጠብ በሚል የሮቲፈር ገንዳዎች ወደ አልጌው ክፍል ገቡ፤ ሁለቱም ከአንድ ብሎወር (አየር የሚነፋ ማሽን) አየር እንዲያገኙ ተደረገ። ሮቲፈር አልጌን የሚበላ እንስሳ ነው። ከገንዳው የሚፈናጠቅ ጠብታ፣ ያልታጠበ እጅ፣ የጋራ ወንፊት ወይም መብራት ሲጠፋ ወደ አየር ቱቦው ተመልሶ የሚሳብ ውሃ አንዲት እንቁላል የያዘች ሮቲፈር ካሻገረ በቂ ነው። በሚመቻት ሙቀት በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ቁጥሯ በእጥፍ እየጨመረ 20 ሊትር ክሎሬላ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ወደ ገረጣ ውሃ ይለወጣል። ይህ ብልሽት ከደረሰ በኋላ በሪፖርቱ «የአልጌ ምርት አጥጋቢ አይደለም» ተብሎ የተጻፈው ለመዝጊያው ምክንያት ሆኖ ቀረበ። ምክንያቱ የክፍል አደላደሉ መሆኑን በወቅቱ በጽሑፍ አሳውቀናል፤ መልስ አላገኘንም። መብራት ሲቋረጥ ብሎወሩን የሚተካ ባትሪ ወይም ጄኔሬተር አለመኖሩም እንዲሁ ነው። አየር ያጣ አልጌ ወደ ታች ተቀምጦ በጨለማ ይበሰብሳል።

የማዳበሪያውን ነገር ባጭሩ እናንሣ። ዓሣ አርቢው ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሲሄድ ማዳበሪያ የሚመደበው በእርሻ ማሳ ስፋት ነው ተብሎ ይመለሳል። ለ200 ካሬ ሜትር ኩሬ በሙቅ ቦታ በሳምንት የሚያስፈልገው 850 ግራም ያህል ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ)ና 870 ግራም ያህል ዩሪያ ነው፤ ደጋ ላይ በግማሹ ይጀመራል። ዓመቱን ሙሉ ቢሰላ ከሁለቱ ተደምሮ አንድ ኩንታል አይሞላም። ፍሬው እንዳለ ከተበተነ ፎስፎረሱ ወደ ጭቃው ሰምጦ ስለሚቀር በባልዲ ውሃ ሌሊቱን ዘፍዝፎ ረፋድ ላይ በኩሬው ገጽ መርጨት ያስፈልጋል። ይህን የሚያስተምር የልማት ጣቢያ ባለሙያ ጥቂት ነው፤ ባለሙያውም የሚመዘነው ኩሬው ጠርቶ በመገኘቱ ስለሆነ ሊያስተምር ቢፈልግ እንኳ ቅጹ ይከለክለዋል። የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ኩሬ እንድንቆፍር ተበረታትተናል፤ የተቆፈረው ኩሬ የሚመገብበት መንገድ አብሮ ካልታሰበ ጉድጓዱ ብቻውን ምግብ አይሆንም።

ስለ ስፒሩሊናም አንድ ነገር እንጨምር። ቢሮው ዱቄቱን ከውጭ በሚያስመጣ ነጋዴ በኩል ገዛ። በሳይንስ ስሙ አርትሮስፒራ ፊዩዚፎርሚስ የሚባለው ዝርያ ግን በስምጥ ሸለቆው ጭቱ ሐይቅና በቢሾፍቱ አካባቢ ባለው አረንጓዴ ሐይቅ በተፈጥሮ ይኖራል፤ በቻድ ሐይቅ ዙሪያ ያሉ የካነምቡ ሴቶች ከኩሬ እየጨለፉ፣ አሸዋ ላይ እያደረቁ ለምግብነት ሲጠቀሙበት የኖሩትም የዚሁ ወገን ነው። ሐይቆቹ ይታጨዱ አንልም፤ ፍላሚንጎ የሚኖርበት ነው። በተፈቀደ መንገድ የሚወሰድ አንድ ጠርሙስ ዘር ይበቃል። ስፒሩሊና ከክሎሬላ ይልቅ ለገበሬ የቀለለበት ምክንያት ፒኤቹ (የአሲድነትና የሶዳነት መለኪያው) ከ9.5 በላይ በሆነ ሶዳማ ውሃ መኖሩ ነው፤ በዚያ ውሃ ሌሎች ብዙ ተሕዋስያን አይዘልቁም። ዛሩክ በሚባለው የተለመደ የስፒሩሊና ማሳደጊያ ቀመር ለአንድ ሊትር 16.8 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔትና 2.5 ግራም ሶዲየም ናይትሬት ይገባል፤ የቀሩት በትንሽ በትንሹ ናቸው። ጥልቀቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ላስቲክ የተነጠፈበትና የሚናወጥ ገንዳ ይበቃዋል። የሚከብደው ሙቀቱ ነው። ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ይወዳል፤ የደጋ ሌሊት ያዘገየዋል፣ ስለዚህ በቆላው ወይም በላስቲክ ቤት ውስጥ ይሠራል። በጥሩ ጨርቅ ተጣርቶ፣ ታጥቦ፣ ከ60 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ይደርቃል። ይህን ለመሞከር ሁለት ጊዜ የሥራ ዕቅድ አቅርበን «በጀት የለም» ተብለናል፤ ለዱቄት ግዢው ግን በጀት ተገኝቷል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የክትትል ቅጹ «አረንጓዴ» የሚለው መመዘኛ ወጥቶ በሴኪ ሰሃን ልኬት፣ በጠርሙስ ሙከራና በንጋት የዓሣ ሁኔታ ምልከታ ይተካ። ተሻሽሎ እስኪወጣ ድረስ ውሃ እንዲፈስ የተላለፈው ትእዛዝ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ይታገድ፤ በትእዛዙ ምክንያት ኩሬያቸውን አፍስሰው ጫጩት ያጡ አርቢዎችም ከማዕከሉ በነጻ ምትክ ይሰጣቸው።

የአልጌ ክፍሉ ከሚቀጥለው የአምባዛ ማራቢያ ወቅት ቢያንስ ሁለት ወር ቀድሞ ይከፈት። የሮቲፈር ገንዳዎች ወደ ሌላ ክፍል ወጥተው የራሳቸው ብሎወር፣ የራሳቸው ወንፊትና የራሳቸው ባልዲ ይኑራቸው። ለሁለቱም ክፍሎች ቢያንስ አንድ ሌሊት የሚዘልቅ የመጠባበቂያ ኃይል ይመደብ። የዘር ቱቦዎቹ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች እንዲቀመጡ ይደረግ፤ አንዱ በማዕከሉ፣ ሌላው በምርምር ተቋም ወይም በዩኒቨርሲቲ። ይህ ወጪ የሌለው ነገር ስለሆነ ነገ ሊጀመር ይችላል።

ለዓሣ ኩሬ የሚሆን ማዳበሪያ በኩሬ ስፋት ተሰልቶ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ዝርዝር ውስጥ ይግባ።

ለስፒሩሊና ሙከራው ቀጣዩ የዱቄት ግዢ ከመውጣቱ በፊት መልስ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። እምቢ ከተባለም ምክንያቱ በጽሑፍ ይድረሰን፤ ዕቅዱን አስተካክለን እናቀርባለን።

በመጨረሻም በዓሣ እርባታ ላይ የሚወርድ ማንኛውም መመሪያ ከመጽደቁ በፊት ከማዕከሉ ቴክኒሻኖች አንድ፣ ከአርቢዎች አንድ ተወካይ እንዲያየው ይደረግ። የዚህን ደብዳቤ ጥያቄዎች ለማብራራት የሰሃኑን ልኬት፣ የማይክሮስኮፕ ናሙናዎችንና የገንዳ መዝገቦችን ይዘን በቢሮው በምትጠሩን ቀን እንገኛለን። መልሳችሁን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በክልሉ የዓሣ ጫጩት ማባዣ ማዕከል የአልጌና ሕያው መኖ ክፍል ቴክኒሻኖች
የኩሬ ዓሣ አርቢ ገበሬዎች ተወካዮች